የወሊይ ፈቃድና የታዳጊው አካል

አባቱ ለንግድ አዲስ አበባ የሰነበተ የ16 ዓመት ልጅ ቡኢ ላይ ብቻውን ለሕክምና ቢቀርብ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? በጉራጌ ምድር አባት ከተማ ሲነግድ ልጅ አያቱ ዘንድ ማደጉ የቆየ ነገር ነውና ጥያቄው ከእኛ ሩቅ አይደለም። «ወሊዩ ይፍቀድ» ብሎ መዝጋት ግን የፊቅህን ታሪክ ግማሹን መተው ነው።

በ620 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» ላይ፣ ያለ ወሊይ ፈቃድ ሕፃንን የገረዘ ሰው ጉዳት ቢከተል ተጠያቂ መሆኑን ጽፈዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢብኑል ቀዪም «ዛዱል መዓድ» ላይ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ባለሙያው በጎ ሠሪ ነውና ላይጠየቅ ይችላል አሉ። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ ሕፃን ነው። ታዲያ ሕፃንነት የሚያበቃው መቼ ነው?

ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ቀርበው ተመለሱ፤ በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ ተፈቀደላቸው። በዚህ ሐዲስ ተመርኩዘው ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች የቡሉግ ምልክት ላልታየበት 15 የጨረቃ ዓመትን ወሰኑ። አቡ ሐኒፋ ግን ለወንድ 18፣ ለሴት 17 አሉ። ገንዘብን ለማስረከብ ሱረቱ-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ከቡሉግ ሌላ ሩሽድን፣ ማለትም ብስለትን ይጠይቃል።

በአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን አካለ መጠን ያላደረሰ ብሎታል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጸና፤ አሳዳሪው የልጁን ጤና እንዲጠብቅም ግዴታ ጣለበት። የ1999ኙ የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያ ግን 15 ዓመት የሞላው በራሱ ፈቃድ እንዲመረመር አደረገ። ቁጥሩ ከሻፊዒይ መዝሀብ ጋር መገናኘቱ የአጋጣሚ ቢሆንም ለመድረሳ መምህር ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ስለዚህ የቡኢው ልጅ በፊቅሁ ባሊግ፣ በአገሪቱ ሕግ ግን ገና ልጅ ነው። ሐኪሙ የወሊይ ፊርማ ቢጠይቅ አንወቅሰውም። ልጁን ሳያናግሩ ፊርማ መቀበል ግን ከፊቅህ ይልቅ የጽሕፈት ቤት ልማድ ይመስለናል። አባት ከሌለ በሻፊዒይ መዝሀብ ቀጣዩ ወሊይ የአባት አባት ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያሳድገውም እሱ ነው።

አባት ሕክምናውን ቢከለክልስ? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1984 ጂዳ ላይ ሲወስን፣ እምቢታው ልጁን በግልጽ የሚጎዳ ከሆነ ተቀባይነት የለውም፤ ሥልጣኑ ወደ ሌላ ወሊይ፣ ከዚያም ወደ መንግሥት ያልፋል ብሏል። ከ1934 አንሥቶ በአዋጅ የቆሙት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ የልጆችን አሳዳሪነት ይዳኛሉ። ኢማሙ የተጣሉ አባትና አያትን ወደዚያ ሊመራቸው ይችላል።