«ወላጅ አምጣ»

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ይገረፍ ነበር፤ የሚጠፋው ደግሞ በእግር ብረት እስከ መታሰር ይደርስ ነበር። ማንም የማይናፍቀው ጭካኔ ነው። ያም ሆኖ ቅጣቱ የታሰበው ልጁን ከፊደሉ አጠገብ ለማቆየት ነበር። ልጅን ከደጅ መልሶ መቅጣት የተለመደው በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በነበረበት ዘመን ትምህርት የሚሰጥና የሚነሳ ችሮታ መሰለ፤ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሪዎችም የተቀጡት በእገዳ ነበር። ለጎልማሳ የታሰበው ቅጣት ውሎ አድሮ ወደ ሰባት ዓመት ልጅ የወረደ ይመስለኛል። በ1987 የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ሲከለክል ደግሞ፣ በአለንጋው ቦታ «ወላጅ አምጣ» ይበልጥ ጠነከረ ባይ ነኝ። ስሙ እገዳ አይባልም። ልጁ ግን ደብተሩን በፌስታል እንደያዘ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል።

ይህ በወላይታ ይብሳል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ከዚያ ተነስተው አዲስ አበባ ላይ ሊስትሮ የሚሠሩና ሎተሪ የሚያዞሩ ልጆችን የማያውቅ የለም። አባቱ ለቀን ሥራ ርቆ የሄደ፣ እናቱ ገበያ የዋለች ልጅ ወላጅ ከየት ያምጣ? ከበር የተመለሰ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ከብት ሲጠብቅ ይውላል፤ ሳምንት ከሰነበተ ግን መናኸሪያው ይቀርበዋል። ደግሞም ይህ ሕዝብ ለትንንሽ ልጆቹ ትምህርት የከፈለው ዋጋ አለ። በ1992 የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተደባልቀው የተዘጋጀው የ«ወጋጎዳ» መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ሲገባ የወላይታዋ ከተማ ሶዶ ተነሳች። የተቃወሙ መምህራን ተዛወሩ፣ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፣ በ1993ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ልጁ በእናቱ ቋንቋ እንዲማር ደም የፈሰሰበት ከተማ፣ ያንኑ ልጅ ስላወራ ወይም ስላረፈደ ከበር ሊመልሰው አይገባም።

በታጨቀ ክፍል የምታስተምር መምህርት «አለንጋውም እገዳውም ከቀረ በምን ልያዛቸው? ሌሎቹስ መቼ ይማሩ?» ብትል እውነት አላት። ሸክሙን ለብቻዋ መተው በደል ነው። ግን ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲያልፉ ተወስኖ ነበር። ፊደል ያልለየውን ልጅ ወደ ኋላ አላስቀርም ያለ ሥርዓት፣ ያስቸገረውን ወደ ውጭ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ወላይታ ራሱ አዲስ ዓመቱ ጊፋታ ሲቃረብ የተጣላውን አስቀምጦ ያስታርቃል እንጂ አያባርርም። ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ወላጅ ካስፈለገ ይደወልለት፣ ጎረቤት ይላክበት፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ።