የነዳጅ ሂሳቧን መክፈል ያቃታት ከተማ

ጉሲንግ በኦስትሪያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከሃንጋሪ ድንበር አጠገብ የምትገኝ 4,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ባቡር አይደርስባትም። ፈጣን አውራ ጎዳናም አያልፍባትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የከፈለው የብረት መጋረጃ በአጠገቧ ስለተዘረጋ ፋብሪካም ነጋዴም ሸሽቷት ኖሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውራጃዋ ከመላው ኦስትሪያ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሥራ ያለው ሰው አብዛኛው ሰኞ ወደ ቪየና ሄዶ ዓርብ ይመለሳል። ወጣቱ ግን ሄዶ ይቀር ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱም ከነዋሪው የተሻለ ኑሮ አልነበረውም። ትምህርት ቤቱን፣ ጽሕፈት ቤቱንና ሌሎች የሕዝብ ሕንጻዎችን በክረምት ለማሞቅ፣ መንገዱንም በመብራት ለማድረስ የሚያወጣው ወጪ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ሂሳቡ ሲመረመር ችግሩ የገንዘቡ መብዛት ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ለማሞቂያ ዘይት፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ ከከተማዋ ወጥቶ ይሄዳል፤ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ ገንዘብ የጉሲንግ ገበሬም አናጢም አንድ ሳንቲም አያገኝም።

አስገራሚው ነገር አካባቢው በደን የተከበበ መሆኑ ነው። ከአውራጃው መሬት ግማሽ የሚጠጋው ጫካ ነው። የወደቀው ዛፍና የመጋዝ ቤቱ ፍርፋሪ የሚፈልገው አጥቶ ይበሰብስ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ከተማዋ ከሩቅ አገር ዘይት እየገዛች በደጇ ያለውን ማገዶ ረስታው ነበር።

በ1990 የከተማዋ ምክር ቤት ከድንጋይ ከሰል፣ ከዘይትና ከጋዝ ሙሉ በሙሉ ለመላቀቅ ወሰነ። ሐሳቡን በዋናነት የገፉት ራይንሃርድ ኮህ የተባሉ የከተማዋ ተወላጅ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በ1992 ከንቲባ የሆኑት ፒተር ቫዳስ ደግሞ በፖለቲካ ተሸከሙት። ለአንድ ድሃ ከተማ ትልቅ ቃል ነበር። ብዙ ሰው ቢስቅበት አይፈረድበትም።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጥሎ የመጣው ነው። ጉሲንግ መጀመሪያ ምንም ዓይነት የኃይል ማመንጫ አልገነባችም። መጀመሪያ ያደረገችው የሚባክነውን ማቆም ነበር። በመሐል ከተማ ያሉት የሕዝብ ሕንጻዎች አንድ በአንድ ታዩ። ሙቀት የሚያስወጣው ግድግዳና ጣሪያ ተሸፈነ፣ የመንገድ መብራቱ በቆጣቢ አምፖል ተተካ። በዚህ ብቻ የማዘጋጃ ቤቱ የኃይል ወጪ ወደ ግማሽ ወረደ። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አልነበረም፤ የቀረውን ሁሉ ያስቻለው ግን ይኸው ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ጫካውን መጠቀም ሆነ። በ1996 የእንጨት ስብርባሪ የሚያነድ አንድ ትልቅ ማሞቂያ ተሠራ። ከእርሱ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤቶችና ወደ ሕዝብ ሕንጻዎች ይሄዳል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን የዘይት ምድጃ ማንደዱ ቀረ። ለዘይት ይከፈል የነበረው ገንዘብ አሁን ለአካባቢው የደን ባለቤትና ለእንጨት ቆራጩ ይከፈል ጀመር። ርካሽና አስተማማኝ ሙቀት መኖሩን የሰሙ የእንጨት ወለል አምራቾችም መጡ። እንጨት ለማድረቅ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ የእነሱ ትርፍራፊ ደግሞ ተመልሶ ማገዶ ይሆናል። እንደ ከተማዋ ሪፖርት ከጊዜ በኋላ 50 ገደማ ድርጅቶችና ከ1,000 በላይ የሥራ ቦታዎች ተፈጥረዋል፤ ወደ አየር የሚለቀቀው የካርቦን ጋዝም ከ1995 ጋር ሲነጻጸር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ከዚያ ዝና መጣ። በ2001 የቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሄርማን ሆፍባወር ያበለጸጉት አዲስ ተክል ተመረቀ። ይህ ተክል እንጨትን በእንፋሎት አማካይነት ወደ ጋዝ ቀይሮ 2 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክና 4.5 ሜጋ ዋት ሙቀት ያመነጭ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ጎብኚ ጎረፈ። አርኖልድ ሽዋዜኔገር ሳይቀር መጥቶ አይቶታል። ሁሉም ፎቶ የሚነሳው እዚህ ተክል ፊት ነው።

የወደቀውም እሱ ነው። ተክሉ የቆመው መንግሥት ለታዳሽ ኤሌክትሪክ በሚከፍለው ልዩ ዋጋ ላይ ነበር። በሌላ በኩል ሌሎች ከተሞችም ወደ እንጨት ሲዞሩ ማገዶው ተወደደ። ድርጅቱ በ2013 ኪሳራ አወጀ፣ ተክሉም በ2016 ተዘጋ። ከተማዋ ተስፋ የጣለችበት የፀሐይ ሰሌዳ ፋብሪካም ከስሯል። ያኔ ብዙ ጋዜጦች «የጉሲንግ ሕልም አበቃ» ወደሚል ድምዳሜ ሮጡ።

ግን አላበቃም። የተሸፈነው ግድግዳ ድጎማ ቢቆምም ባይቆምም ሙቀት ይይዛል። የሙቅ ውሃው ቧንቧም ቤቶቹን ማሞቁን ቀጥሏል። የወደቀው በውጭ ሰው ዋጋ ላይ የተመሠረተው ነው። የቆመው የማዘጋጃ ቤቱን የራሱን ወጪ የቀነሰው ነው። የጉሲንግ ትምህርት እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

«ድሃ ማዘጋጃ ቤት ለመጀመሪያው እድሳት ገንዘቡን ከየት ያመጣል?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ ከተማ መልስ አላት። የጀርመኗ ሽቱትጋርት ከ1995 ጀምሮ በውስጧ እቁብ የሚመስል ነገር ዘርግታለች። የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለሌላ የከተማዋ ተቋም እድሳት ያለ ወለድ ያበድራል። ተበዳሪው ከሚቆጥበው የኃይል ሂሳብ እየከፈለ ይመልሳል። ገንዘቡ ሲመለስ ለሚቀጥለው ተራ ይደርሰዋል። ባንክ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሂሳቡን በሐቀኝነት የሚይዝ ሰው ነው።

ለኢትዮጵያ ከተሞች ጉሲንግን እንዳለች መቅዳት አይሠራም። እዚያ የሚቆረጠው ጫካው በየዓመቱ ከሚያድገው በታች ነው። ደኑ በተመናመነበት አገር «እንጨት እናንድድ» ማለት ጥፋት ይሆናል። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ታገኛለች፤ ነዳጇን ግን ከውጭ በዶላር ትገዛለች። ስለዚህ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው፦ በጄኔሬተሩ፣ በውሃ መሳቢያው ሞተር፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ናፍጣ ላይ።

የሚቀዳው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በዚህ ዓመት ለኃይል ስንት ተከፈለ? ከዚያስ ውስጥ በከተማው የቀረው ስንት ነው? የጉሲንግ ሰዎች ይህን የጠየቁት ካዝናቸው ባዶ በነበረበት ጊዜ ነው። ጥያቄው ራሱ ምንም አላስወጣቸውም።