ጥጣችን ከህንድ መጣ?

ስለ ጥጥ ታሪክ ሲወራ ነገሩ ብዙ ጊዜ ባጭሩ ይቋጫል፤ ህንዶች አላመዱት፣ ነጋዴ በቀይ ባሕር አሻገረው፣ አፍሪካ ተቀበለች። አባባሉ መነሻ የለውም አይባልም። በዛሬዋ ፓኪስታን መህርጋር በተባለ ስፍራ ከመዳብ ዶቃ ውስጥ የተገኘው የጥጥ ክር ከ7000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የህንድን ጨርቅ ይጠቅሳል። ይሁንና ጨርቅ መግዛት ሌላ፣ ዘር መቀበል ሌላ ነው። በእኔ እምነት ለአካባቢያችን ጥጥ ታሪክ ከነጋዴው መዝገብ ይልቅ የሚታመነው ምስክር ዘሩ ራሱ ነው፤ የዘሩ ቃል ደግሞ ከተለመደው ትረካ ጋር አይገጥምም።

ሰው ያላመዳቸው የጥጥ ዝርያዎች አራት ናቸው። ሄርባሲየምና አርቦሪየም የአፍሪካና የእስያ ሲሆኑ 13 ጥንድ ክሮሞዞም አላቸው፤ ሂርሱተምና ባርባደንስ የአሜሪካ ሲሆኑ 26 ጥንድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሄርባሲየም ጂኖም ተነቦ ሲታተም፣ እሱና አርቦሪየም አንዱ ከሌላው እንዳልወጣ፣ ከጋራ ቅድመ አያት ለየብቻ እንደመጡ ታየ። የተለያዩትም ሰው ማረስ ከመጀመሩ እጅግ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ጥጥ በአሮጌው ዓለም የተላመደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ያዳግታል። የሄርባሲየም የዱር ዘመድ የሚበቅለው ደግሞ በደቡባዊ አፍሪካ ነው። ከዚህ ላይ የቃስር ኢብሪምን ግኝት እንጨምር። በኑቢያ፣ ዛሬ የናስር ሐይቅ በከበበው በዚያ ጥንታዊ ምሽግ የተቆፈረ 1600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ጥጥ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የዲኤንኤ ጥናት ሄርባሲየም ሆኖ ተገኘ፤ የህንዱ አርቦሪየም አይደለም። ዘመኑ ከአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ብዙም የራቀ አይደለም። ኢዛና በኑቢያ በነበሩት ኖባ ላይ ስለዘመተበት ጦርነት በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ የጠላትን የእህልና የጥጥ ክምችት ወንዝ ውስጥ እንደከተተ ይናገራል። ድል አድራጊ ንጉሥ ከእህል እኩል ቆጥሮ ያጠፋው ጥጥ የአገሩ ምርት መሆን አለበት፤ ከባሕር ማዶ በብልቃጥ የመጣ ብርቅ ነገር ክምችት አይኖረውም።

ሄርባሲየም በህንድም ይዘራል፣ በዓረብና በፋርስ አገር ዞሮ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሊገባ ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ትክክል ነው፤ የአንድ ቦታ ቁፋሮም መንገዱን አያሳይም። መንገዱን የሚያሳየው ዛሬ በሕይወት ያሉትን ነባር ጥጦች ከየአገሩ ሰብስቦ፣ ከዱር ዘመዳቸውም ጋር በጂን ማስተያየት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ብዙ ዓይነት የተገኘበት ቦታ ሁሉ መነሻ አይደለም፤ የንግድ መተላለፊያም ከየአቅጣጫው ዘር ያከማቻል። ስለዚህ ብዛቱን ከመቁጠር ይልቅ ማን ከማን እንደሚዛመድ ማየት ይበልጣል። ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የጥጥ ቅጠል በፊኖል የተሞላ በመሆኑ ሲፈጭ ቶሎ ይጠቁራል፣ ዲኤንኤውንም ያበላሻል።

ችግሩ የሚመሳከረው ነባር ዘር እያለቀ መሆኑ ነው። ጥጥ በቤት ሲዳመጥ ፍሬው እዚያው ይቀራል፤ የዳመጠችው ሴት ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል ፍሬው ለሚቀጥለው ክረምት ይቀመጣል። በፋብሪካ ሲዳመጥ ግን ፍሬው ወደ ዘይት መጭመቂያ ይሄዳል፣ ገበሬውም ዘር ከሌላ እጅ ይቀበላል። በአዋሽ ሸለቆ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፉት እንደ ተንዳሆ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎች ያለሙት የአሜሪካውን ሂርሱተም ነው። ሂርሱተም ከሄርባሲየም ጋር ቢዳቀል፣ የክሮሞዞም ቁጥራቸው ስለማይገጥም፣ የሚወለደው መካን ነው። አዲሱ ነባሩን የተካው ሳይደባለቀው ነው፤ አሮጌው ከማሳ ሲወጣ በልጆቹ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም።

ነባሩ ጥጥ ምርቱ ትንሽ፣ ጭረቱ አጭር ነው፣ ፋብሪካ አይፈልገውም የሚሉ አልተሳሳቱም። ለእንዝርት የሚበቃ ጭረት ለማሽን አይበቃም። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ሙልታን አካባቢ የሆነውን ማስታወስ ያሻል። ኤስ-12 የተባለው ምርታማ የሂርሱተም ዓይነት ማሳውን ሞልቶት ሳለ በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቅጠል የሚጠቀልል ቫይረስ መታው፤ ገበሬው ንቆት የነበረው የአገሬው አርቦሪየም ግን ጤነኛ ሆኖ ቆመ። አዳቃዮች ያንን ጽናት ወደ ሂርሱተም ለማሻገር ክሮሞዞም እስከማባዛት መድከም ነበረባቸው። ዘሩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መድከሚያም አይኖራቸውም ነበር።

የኢትዮጵያን የዘር ሀብት የሚጠብቀው ማዕከል በ1976 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እንግዲህ ዘሩ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። በኮንሶና በጋሞ ቆላ፣ በምዕራቡም ጠረፍ፣ በጓሮ የቀረ ነባር ጥጥ ያያችሁ የግብርና ሠራተኞች፣ ፍሬውን ከቀበሌው ስምና ከፈታይዋ ምስክርነት ጋር አብራችሁ መዝግቡ።