ያልተቀመጠ ለውጥ እና የማስጠንቀቅ ግዴታ

ዩኒክስ በተባለው ስርዓተ ክወና የመጀመሪያ ዘመን ኮምፒውተር ከሰው ጋር የሚነጋገረው በቴሌታይፕ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ወረቀት ላይ እየተመታ ስለሚወጣ ፕሮግራሞች ቃል ይቆጥቡ ነበር። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈው «ኢዲ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያም እንዲሁ ቁጥብ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተሠራጩ ቅጂዎቹ ላይ ተጠቃሚው እርማቱን ፋይል ውስጥ ሳያስገባ የመውጫዋን ፊደል ሲጽፍ፣ ኢዲ አንዲት የጥያቄ ምልክት አትሞ ይቆማል። ሰውየው ፊደሏን ከደገማት ያለ ክርክር ይለቀዋል። የጉዳያችን ፍሬ ነገር ያኔውኑ በዚያች ምልክት ውስጥ ነበር፦ ማሽኑ ሰውየው የዘነጋውን ያውቃል፤ ያወቀውን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ውሳኔውን ለባለቤቱ ይተዋል።

በ1984 ማኪንቶሽ ሲመጣ ያው ጥያቄ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ወጣ። ሰነድ ሲሆን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ሴቭ የሚያደርገው ነገር እንዳለው ያውቃል። ሴቲንግ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የመልእክት ድምፅ ለማጥፋት አንድ ሳጥን የነካ ሰው ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥራል፤ የክፍሉን መብራት ያጠፋ ሰው ማጥፋቱን ዳግመኛ እንደማያጸድቅ ሁሉ። ዊንዶውስ 95 ሴቲንግን እንደ ሰነድ ቆጥሮ «እሺ»፣ «ይቅር» እና «ተግብር» የሚሉ ቁልፎችን ከሥሩ ደረደረ። ማክ ኦኤስ ኤክስ በ2001፣ የሊኑክስ ዴስክቶፑ ግኖም 2 በ2002፣ አይፎን በ2007 በአመዛኙ ሌላውን መንገድ መረጡ፤ የተነካው ወዲያው ይጸናል።

እኛ የሁለቱም ወራሾች ነን፤ ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። በርቀት የሚያስተዳድረውን ራውተር አድራሻ የተሳሳተ ባለሙያ ለውጡ ወዲያው ከጸና የገባበትን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። የራውተር አምራቹ ጁኒፐር ለዚህ ያበጀው ዘዴ ሁሌም ያስደንቀኛል፦ ለውጡ በሙከራ ይጸናል፤ ባለሙያው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላረጋገጠ ራውተሩ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ዊንዶውስም የስክሪኑ ጥራት ሲቀየር 15 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ስክሪኑ የጠቆረበት ሰው ምንም ሳይነካ ቢጠብቅ የነበረው ይመለስለታል። የሲስኮ ራውተር በአንጻሩ ለውጡን ወዲያው ይሠራበታል፣ በትእዛዝ ካልተቀመጠ ግን ኃይል ሲቋረጥ ይረሳዋል።

ማስጠንቀቂያ የሚበላሽበትም መንገድ አለ። የተጠቃሚ ገጽታ ንድፍ ባለሙያው ጄፍ ራስኪን በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ዘወትር የሚመጣ ጥያቄ ልማድ ይሆናል፤ እጅ ሳያነብ «አዎ» ይላል። በድረ ገጾች ዘመን ደግሞ አጭበርባሪዎች ገጹን ሊዘጋ የሚሞክረውን ሰው በማስፈራሪያ ጽሑፍ ማገት ጀመሩ። ፋየርፎክስ፣ በ2016 ደግሞ ክሮም፣ ገጾች በመውጫው ጥያቄ ላይ የራሳቸውን ቃል እንዳይጽፉ ከለከሉ። ዛሬ ቅን የሆነ ገጽም ምን እንደሚጠፋ በስሙ ጠርቶ መናገር አይችልም፤ ጥቂቶች ላጎደፉት አመኔታ ሁላችንም እየከፈልን ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ ያኖረ ሶፍትዌር፣ ያልተቀመጠ ለውጥ እያለ ሰው ሲወጣ ዝም የማለት መብት የለውም። ምንም ያልተቀየረ እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ የለበትም። ከሁሉ የከፋው በአንድ ገጽ ላይ ግማሹ ወዲያው የሚጸና፣ ግማሹ ቁልፍ የሚጠብቅ ሲሆን ነው፤ ዛሬ በየቦታው የምናየውም ይህንኑ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለነው ለእኛ ግን ይህም አይበቃም። ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው በወጉ ለሚወጣ ሰው ነው፤ መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በዴስክቶፕ ለሚሠራ የቢሮ ሠራተኛ የሚታሰብለት ሶፍትዌር የተጀመረውን ለውጥ በረቂቅነት እየያዘ መቆየት፣ መብራት ሲመጣም የቀድሞውንና ያልጸደቀውን ጎን ለጎን አሳይቶ የቱ ይጽና ብሎ መጠየቅ አለበት።