ሄሊኮፕተር ተሸካሚ አውዳሚ መርከቦች

ሄሊኮፕተር ተሸካሚ አውዳሚ መርከብ ማለት ከመድፍ፣ ከሚሳይልና ከቶርፔዶ ትጥቁ በተጨማሪ ሄሊኮፕተሮችን የሚያሳርፍበት ወለልና የሚያስጠልልበት ሃንጋር ያለው የጦር መርከብ ነው። መርከቡ የተነደፈው በዋናነት ሰርጓጅ መርከቦችን ለመቆጣጠር ነው። በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ ሰርጓጆች ከመጡ ወዲህ ፍጥነታቸው ከአሳዳጆቻቸው ጋር የሚፎካከር ሆኗል። ሄሊኮፕተር ግን ከመርከቡ ርቆ በመሄድ የድምፅ መፈለጊያ መሣሪያውን (ሶናር) ወደ ውኃው አውርዶ ያዳምጣል፤ ካገኘም ቶርፔዶ ይጥላል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ማሳረፉ ነበር። በማዕበል በሚናወጥ ጠባብ ወለል ላይ ብዙ ቶን የሚመዝን ሄሊኮፕተር ማሳረፍ ለረጅም ጊዜ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። መፍትሔውን ያስገኘችው ካናዳ ስትሆን፣ ዘዴውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሥራ ላይ ውሏል። ሄሊኮፕተሩ ከወለሉ በላይ በአየር ላይ ቆሞ ገመድ ያወርዳል፤ ገመዱ ከመርከቡ የብረት ገመድ ጋር ይያያዛል፤ መጎተቻ ሞተሩ ቀስ በቀስ እየሳበ ሲያወርደውም የብረት መንጋጋ ጨብጦ ይይዘዋል። መንጋጋው በሀዲድ ላይ ተንሸራትቶ ሄሊኮፕተሩን ወደ ሃንጋሩ ያስገባዋል። ባሕርተኞች ይህንን መሣሪያ «የድብ ወጥመድ» ይሉታል።

በዚህ ዘርፍ ሰፊውን እርምጃ የወሰደችው ጃፓን ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 አገልግሎት የጀመረችው «ሃሩና» 153 ሜትር ርዝመት ሲኖራት ሦስት ሄሊኮፕተሮችን ትይዝ ነበር። የኋላው ክፍል ለሄሊኮፕተሮች በመሰጠቱ ሁለቱም መድፎች ከፊት ተደርድረዋል። በ2009 «ህዩጋ»፣ በ2015 ደግሞ 248 ሜትር የምትረዝመው «ኢዙሞ» ተከትለዋል። ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ ወለል ስላላቸው ለተመልካች አውሮፕላን ተሸካሚ ይመስላሉ። ሆኖም የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጦርነትን የተወ በመሆኑ መንግሥት መርከቦቹን በዚያ ስም አይጠራቸውም። ይህ አጠራር በጃፓን ውስጥ ክርክር ማስነሣቱ አልቀረም፤ በተለይም በ2018 «ኢዙሞ» ተዋጊ ጄቶችን እንድታስተናግድ ከተወሰነ በኋላ።

የእነዚህ መርከቦች አሠራር ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚደርስ አደጋ ወዲያውኑ በማጓጓዣና በመድን ዋጋ ላይ ይታያል። የሶማሊያ ጠረፍ የባሕር ላይ ወንበዴዎች በበረቱበት ወቅት፣ ከ2008 ጀምሮ የልዩ ልዩ አገሮች የጦር መርከቦች ወደ ባሕረ ሰላጤው ተልከዋል። ጃፓን በ2009 ሄሊኮፕተር የያዙ ሁለት አውዳሚ መርከቦችን የላከች ሲሆን፣ በ2011 በጅቡቲ የጦር ሰፈር ከፍታለች። በ20 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ያለ የንግድ መርከብ የድረሱልኝ ጥሪ ቢያሰማ፣ በሰዓት 30 ማይል የሚጓዝ የጦር መርከብ 40 ደቂቃ ይወስድበታል፤ በሰዓት 120 ማይል የሚበር ሄሊኮፕተር ግን በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ወንበዴዎች መርከብ ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያልበለጠ ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ተሸካሚ አውዳሚ መርከብ ኖሮት አያውቅም። ለዚህ የቀረበው ባንዲራ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ነበር። በ1944 በአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት የጀመረው ይህ መርከብ፣ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና እንዲሰጥ የተሠራ ነው። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ መቀመጫውን ምጽዋ በማድረግ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛነት አገልግሏል። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሽቶ እዚያው ቀርቷል። ባሕር ኃይሉ በ1996 የፈረሰ ሲሆን፣ ዳግም የማቋቋሙ ዕቅድ በ2018 ይፋ ሆኖ በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈርሟል።