ከአሸዋው በታች ያለው ውል

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት (ዲሲን ማለቴ አይደለም፤ ሲያትል ያለችበትን የሰሜን ምዕራቡን ጥግ ነው) አንድ ሰው አካፋና ባልዲ ይዞ ወደ ውቅያኖሱ ዳር ሲወርድ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ሊኖር ይገባል። ወረቀቱ ፈቃድ ነው። ዕድሜው 15 ዓመት የሞላ ሰው ያለዚያ ወረቀት ክላም መቆፈር አይችልም።

“ክላም ደግሞ ምንድን ነው?” የሚል አይጠፋም። ሁለት ክዳን ባለው ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ፣ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር አጥንት አልባ የባሕር ፍጥረት ነው። ሲያትል ብዙ አበሻ የሚኖርባት ከተማ ብትሆንም፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ስለሚከለክል (እዚያ ላይ የተባለው የዓሣ ዓይነት ቅርፊት ነው) እናቶቻችን ይህንን ነገር ወደ ድስታቸው አያስጠጉትም። ስለዚህ የወጥ አሠራር የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። እኔን የሳበኝ ወረቀቱ ነው። ሲያዩት ተራ የመዝናኛ ደንብ ይመስላል፤ ሲቆፍሩት ግን ከሥሩ ውል፣ የመሬት ሽያጭ፣ እስርና ፍርድ ቤት ይወጣል።

እስቲ መጀመሪያ ከቁፋሮው እንጀምር። በውቅያኖሱ ዳር ዝነኛው “ሬዘር ክላም” ነው። ስሙን ያገኘው ቅርጹ የድሮ ፀጉር ቆራጮችን ታጣፊ ምላጭ ስለሚመስል ነው። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀርና አንገቱን ሲሰበስብ ላዩ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም የቀለበት ቅርጽ ይተዋል። ቆፋሪው በዓይኑ የሚያስሰው ያንን ምልክት ነው። ልምድ ያለው ሰው ውሃው በጣም ዝቅ የሚልበትን ሰዓት ከሰንጠረዥ አይቶ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። በፈረንጆቹ መኸርና ክረምት ይህ ሰዓት ከመሸ በኋላ ስለሚውል፣ በዝናብና በብርድ መሀል ፋኖስና የግንባር ባትሪ የያዘ ሕዝብ ዳርቻውን ይሞላዋል። መዝናናት ማለት ለሰው ሁሉ አንድ አይደለም መቼም!

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምላሱ ጠባብና ረጅም የሆነ አካፋ ነው። ከምልክቱ በባሕሩ በኩል ከስንዝር ትንሽ አነስ አድርገው ቀጥ አድርገው ይተክሉታል፤ ምልክቱ ላይ ከተከሉት የክላሙን ቅርፊት ይሰብረዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ አሸዋውን ካወጡ በኋላ በእጅ ነው የሚገባው። በፍጥነት! ምክንያቱም ክላሙ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እግሩን ወደ ታች ዘርግቶ ጫፉን እንደ መልሕቅ ያሳብጥና ራሱን እየጎተተ ይሰምጣል። ሁለተኛው መሣሪያ ከላይ እጀታና ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ነው። ምልክቱን መሀል አድርገው፣ እጀታውን ጥቂት ወደ የብስ አዘንብለው፣ እያወዛወዙ ወደ ታች ይገፉታል። ከዚያ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍነው ሲያነሡት አሸዋው ከነክላሙ እንዳለ ይወጣል። በእግር ጉልበት ነው መነሣት ያለበት፤ በወገብ ያነሣው ሰው ማግስቱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ደንቡ። የተለመደው የቀን ኮታ “የመጀመሪያዎቹ 15” ነው። ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ደህናም ትሁን የተሰበረች፣ ያወጣሃትን ትይዛለህ። ትንሿን ጥሎ ትልቅ መፈለግ የለም፤ የተጣለችው አብዛኛውን ጊዜ ስለምትሞት። እያንዳንዱ ሰው የራሱን በራሱ ዕቃ ይይዛል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ፑጄት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ደግሞ ሌሎች የክላም ዓይነቶች አሉ፤ እዚያ የቆፈሩትን ጉድጓድ መልሶ መድፈን ግዴታ ነው። የተከመረው አፈር ከሥሩ ያሉትን ግልገሎች አፍኖ ይገድላቸዋል። እነዚህን ደንቦች ሳነብ ብልህ ሰው ያወጣቸው መሰለኝ፤ ናቸውም። ነገር ግን ቆጣሪው መንግሥት ዳርቻውን ከየት አገኘው?

በዲሴምበር 1854 (ዘመኑ በፈረንጆች ነው) የዋሽንግተን አስተዳዳሪ አይዛክ ስቲቨንስ የኒስኳሊንና የአካባቢውን ሌሎች ነገዶች መሪዎች ሜዲስን ክሪክ በተባለ ቦታ ሰብስቦ ውል አስፈረማቸው። እስከ 1856 ድረስም ተመሳሳይ ውሎች ከሌሎች ነገዶች ጋር ተፈረሙ። እኛ በልማድ ቀይ ሕንድ የምንላቸው እነዚህ ሕዝቦች እጅግ ሰፊ መሬታቸውን ለቀቁ፤ በምላሹም በለመዱት ቦታቸው ሁሉ ከዜጎች ጋር በጋራ ዓሣ የማስገር መብታቸው ተጠበቀ። አንዲት ማሰሪያም ተጨመረች፦ ዜጎች በችካል ከከለሉት ወይም ካለሙት ቦታ ክላምና መሰሎቹን አይውሰዱ።

የስቲቨንስ ንግግር የተተረጎመው ቺኑክ ጃርገን በሚባል የንግድ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ያሉት ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ናቸው፤ ለፀጉር ቆዳና ለዓሣ ግብይት ይበቃል። “የንብረት መብት”ን በእሱ ማስረዳት ግን ምን ሊመስል እንደሚችል ገምቱት። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የእኛው ውጫሌ በተፈረመበት በዚያው በ1889 (በእኛ 1881) ነበር ዋሽንግተን ሙሉ ግዛት ሆና ወደ አሜሪካ ኅብረት የገባችው።

አዲሱ ግዛት ጊዜ አላጠፋም። በ1895 ባወጣቸው ሁለት ሕጎች ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ኦይስተር ለሚያረቡ ሰዎች መሸጥ ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ መሬት ሽያጭ የቆመው በ1971 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከግማሽ በላይ የሆነው ወደ ግል እጅ ገብቷል። ዛሬም ፑጄት ሳውንድ ዳር አካፋ ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የማን ነው?” ብሎ የሆነው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ግን ከሁሉ የከበደው ነገዶቹ ላይ ነው። አያቶቻቸው ከሚበሉበት ዳርቻ ላይ ተጎንብሰው ሲገኙ በሰው ርስት የገቡ ሕገ ወጦች ሆኑ።

ጠቡ መጀመሪያ የፈነዳው በሳልመን ዓሣ ነው። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የተባለ የኒስኳሊ ሰው በ1945፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በወንዙ ላይ መረብ በመጣሉ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1960ዎቹ ወንዞቹ ዳር ዱላ፣ አስለቃሽ ጭስና ጅምላ እስር ተለመደ። በፌብሯሪ 1974 የፌዴራል ዳኛ ጆርጅ ቦልት ያቺን “በጋራ” የምትል ቃል አንሥተው መረመሯትና ትርጉሟ እኩል መካፈል ነው አሉ፤ ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የነገዶቹ ነው። ብዙ ነጭ አስጋሪዎች ተቆጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1979 የውሳኔውን ዋና ነገር አጸና።

ክላምስ? ክላም ዓሣ ነው ወይ? ጎበዝ፣ ይህ ጥያቄ ለቀልድ የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ ፍርድ ቤት ደርሷል። ነገዶቹ በ1989 ክስ ከፈቱ፤ በዲሴምበር 1994 ዳኛ ኤድዋርድ ራፊዲ ፈረዱ። የውሉ መብት ክላምንና መሰሎቹን ይጨምራል፤ የግል ይዞታ በሆነ ዳርቻ ላይ በተፈጥሮ የበቀለው ጭምር ግማሹ የነገዶቹ ነው፤ ሰው በእጁ ያለማው ብቻ አይነካም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ በ1999 ክርክሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ የባለ ይዞታዎቹን ቁጣ እንዲሁ በዘረኝነት ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቹ መሬቱን የገዙት በመንግሥት ማህተም በተሸጠ ሰነድ ነው። መንግሥት ግን አስቀድሞ ለሌላ ቃል የገባውን ነገር ነበር የሸጠላቸው። በደሉ የሻጩ ነው። በ2007 ከአርቢዎች ጋር በተደረሰ ስምምነት ነገዶቹ በእርባታ ቦታዎቹ ላይ ያላቸውን ድርሻ ሲተዉ 33 ሚሊዮን ዶላር ተመደበላቸው፤ 22ቱ ከፌዴራሉ መንግሥት፣ 11ዱ ከግዛቱ።

ዛሬ የሬዘር ክላም ወቅት የሚወሰነው ግዛቱና እንደ ኩዊኖልት ያሉ ነገዶች ቆጥረውና ተነጋግረው ነው። ዳርቻው ከመከፈቱ በፊት ናሙና ላቦራቶሪ ይገባል፤ በ1991 ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ ክላሞቹ ውስጥ ተገኝቶ ቁፋሮው ተዘግቶ ነበር፤ በ2015ም እንዲሁ። መርዙ ከባሕር ደቂቅ ዕፅዋት የሚመጣ ነው። መቀቀል አያጠፋውም፤ ሲብስም የሰውን ትውስታ ያጠፋል። በዚህ ጉዳይ ላይ መርዙ ውል አይለይም፤ ፈቃድ ያለውም የነገዱ ሰውም እኩል ይጠብቃል።

ከሁሉ የገረመኝን ለመጨረሻ አቆየሁት። የ1854ቱ ውል “ዜጎች ካለሙት ቦታ አትውሰዱ” ሲል፣ ማልማት የሚያውቁት መጤዎቹ ብቻ ናቸው ብሎ አስቦ ነው። (የነባር ሕዝቦቹ ዜግነት ለሁሉም በሕግ የታወቀው በ1924 ነው።) ከድንበሩ ማዶ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳርቻ ግን ነባር ሕዝቦች ድንጋይ ደርድረው የሠሯቸው የክላም እርከኖች አሉ። ግድቡ አሸዋውን ይዞ ሜዳ ያደርገዋል፤ ሜዳው ላይ ክላም ይበዛል። በ2019 የወጣ ጥናት ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቢያንስ 3,500 ዓመት እንደሆናቸው አሳይቷል። በ2022 ደግሞ የስዊኖሚሽ ነገድ ሰዎች በዋሽንግተኗ ኪኬት ደሴት ውሃው ሲሸሽ እየጠበቁ፣ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አዲስ ግድብ ሠሩ።