ስለ ኪና ዛፍ ቅርፊትና ስለ ስሙ

በአገራችን ሐኪም ያዘዘውን እንክብል መድኃኒት ሁሉ፣ ለራስ ምታትም ይሁን ለሌላ ሕመም፣ ሕዝቡ «ኪኒን» ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ ግን አማርኛም ግዕዝም አይደለም። መነሻው በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚነገረው የኬቿ ቋንቋ ሲሆን፣ በዚያ «ኪና» ማለት ቅርፊት ማለት ነው። በአውሮፓውያን አፍ አልፎ የወባ መድኃኒት ስም ሆነ፤ ከዚያም እኛ ዘንድ ደርሶ የእንክብል ሁሉ መጠሪያ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ዛፍ ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ግን ከአንዲት የእስፓኝ እመቤት ነው። ትረካው እንደሚለው፣ የፔሩ እንደራሴ የነበረው የቺንቾን ኮንት ባለቤት በ1630ዎቹ ዓመታት በሊማ ከተማ ንዳድ ይዟት ለሞት ተቃርባ ሳለ በዛፉ ቅርፊት ዱቄት ዳነች፤ መድኃኒቱንም ይዛ ወደ አገሯ ገባች። ይህን ሰባስቲያኖ ባዶ የተባለ የጄኖቫ ሐኪም በ1663 አሳተመው። ስዊድናዊው ሊኔዎስም ትረካውን አምኖ በ1742 ዛፉን በእመቤቲቱ ስም «ሲንኮና» ብሎ ሰየመው፤ ያውም ከስሟ አንዲት ፊደል ገድፎ።

ሃጊስ የተባለ ተመራማሪ በ1941 ባሳተመው ጥናት የእንደራሴውን የዘመን የዕለት መዝገብ ቢመረምር፣ እመቤቲቱ በዚህ ቅርፊት ስለ መዳኗ አንዳች ነገር አላገኘም። የኮንቱ የመጀመሪያ ሚስት ባልዋ ለፔሩ ከመሾሙ በፊት በእስፓኝ ሞታ ነበር። ሁለተኛዪቱም በ1641 ወደ አገሯ ስትመለስ በካርታሄና ወደብ ዐርፋለችና መድኃኒቱን ለእስፓኝ ልታደርስ አትችልም። ትረካው ደስ የሚል ስለ ሆነ ተማሪ አይረሳውም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ከባዶ ቀደም ብሎ የተጻፈ ምስክር አለ። አንቶኒዮ ዴ ላ ካላንቻ የተባለ መነኩሴ በ1638 በታተመው መጽሐፉ በሎሃ ስለሚበቅለው የንዳድ ዛፍና ቀረፋ ስለሚመስለው ዱቄት ጽፏል። ዱቄቱን በሮማ ያስታወቁት ኢየሱሳውያን ካህናት ናቸው፤ በእነርሱ ስም በመጠራቱም በፕሮቴስታንት አገሮች ብዙ ሰው ጠርጥሮት ነበር።

ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በሽተኛው የሚወስደው የተፈጨውን ቅርፊት ብዙ ጊዜ በወይን ጠጅ በጥብጦ ነበር። በ1820 ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ የፓሪስ የመድኃኒት ሊቃውንት ከቅርፊቱ ኩዊኒንንና ሲንኮኒንን ለይተው አወጡ። ኋላም ኩዊኒዲንና ሲንኮኒዲን ተገኙ። አራቱም አልካሎይድ የሚባሉ፣ ናይትሮጅን ያለባቸው መራራ ውሑዶች ናቸው። የኩዊኒን ሞለኪዩል 20 የካርቦን፣ 24 የሃይድሮጅን፣ 2 የናይትሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። የኩዊኒዲንም ቁጥር ይኸው ነው፤ የሚለየው የአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ለልብ ምት መዛባት ሲሰጥ ኖሯል። ለኬሚስትሪ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የወባ ተሐዋሲ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢንን ሲመገብ የሚተርፈው፣ ብረት ያለበት ሄም ለራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ወደማይጎዳ ጠጣር ቅንጣት ይለውጠዋል፤ ኩዊኒን ይህን ለውጥ እንደሚያግድበት ይታመናል። መጠኑ ሲበዛ ግን የበሽተኛው ጆሮ ይጮኻል፣ ዐይኑም ይደበዝዛል። ዛሬ ለከባድ ወባ ቅድሚያ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው፤ ኩዊኒን እርሱ በታጣበት ቦታ ይተካል።

የቅርፊቱ ኃይል ከዛፍ ወደ ዛፍ እጅግ ይለያያል፤ ብዙው ዝርያ ከመቶ ከጥቂት እጅ የበለጠ ኩዊኒን የለውም። ቻርልስ ሌድጀር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የሚባል የቦሊቪያ ተወላጅ አገልጋይ ነበረው። ማማኒ የትኛው ዛፍ ብርቱ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። ውርጭ ፍሬውን እያበላሸበት አራት ዓመት ጠብቆ በ1865 ጥሩውን ዘር ለጌታው አመጣ። የእንግሊዝ መንግሥት አልገዛም አለ፤ ሆላንዳውያን ግማሽ ኪሎ ያህል በጥቂት ገንዘብ ገዝተው በጃቫ ዘሩት። ከዚያም ከመቶ 10 እጅ በላይ ኩዊኒን የሚሰጡ ዛፎች በቀሉ። በ1930ዎቹ ዓመታት ከዓለም ሲንኮና ከዐሥር ዘጠኝ እጁ የሚመጣው ከጃቫ ነበር፤ በ1942 ጃፓኖች ደሴቲቱን ሲይዙም የተባባሪዎቹ ጦር በመድኃኒት እጦት ተጨነቀ።

ዛፉ ወደ እኛ ወገንም መጥቷል። ጀርመኖች በ1902 በኡሳምባራ ተራሮች፣ በዛሬዪቱ ታንዛኒያ፣ ባቋቋሙት የአማኒ የምርምር ተቋም ተክለውት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሕሩ ሲዘጋባቸው ከቅርፊቱ መድኃኒት አወጡ፤ ወታደሮቹም መራራውን ውሃ በአዛዣቸው ስም «የሌቶው አረቄ» እያሉ ይጠጡት ነበር።

ሆላንዳውያን የጃቫውን ዝርያ «ሌድጀሪያና» ብለው ሰየሙት፤ ለሌድጀርም በስተርጅናው ትንሽ ጡረታ ቆረጡለት። ስለ ማማኒ መጨረሻ የምናውቀው ሌድጀር ኋላ ከጻፈው ነው። በ1871 ገደማ እንደገና ዘር ሲሰበስብ ተይዞ ታሰረ፤ ዘሩ ለማን እንደሆነ ተናገር ተብሎ ተደበደበ፤ አልተናገረም። ከእስር ከተፈታ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።